ከራስ ቅል እስከ ወገብ፦ ወጌሻውም "ቴራፒስቱም" አንድ ጥያቄ ይመልሱ

ክራኒዮሳክራል ቴራፒ የሚባል ሕክምና ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ካልሰማችሁ ብዙም አልቀረባችሁም። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችሁ ግን፣ በተለይ ሌሊት ሌሊት የሚያለቅስ ጨቅላ ያላቸው፣ ሳይሰሙት አይቀሩም። ባለሙያው ልብሳችሁን ሳያስወልቅ አልጋ ላይ ያስተኛችኋል። እጁን ከጭንቅላታችሁ ሥር ወይም ከወገባችሁ በታች ያደርግና ዝም ይላል። የሚጫነው አንዲት ሳንቲም ብትቀመጥባችሁ ከሚሰማችሁ አይበልጥም። አንድ ሰዓት ገደማ ተኝታችሁ ትነሳላችሁ፤ ብዙ ቦታ ከመቶ ዶላር በላይ ትከፍላላችሁ። ለራስ ምታት፣ ለወገብ ሕመም፣ ለእንቅልፍ እጦት፣ ለሕፃን ለቅሶ፣ ለኦቲዝም ሳይቀር ፍቱን ነው ይባልለታል።

እኔን ለመጻፍ ያነሳሳኝ የፈረንጆቹ ዶላር አይደለም። የራሳቸው ጉዳይ ነው። ያነሳሳኝ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ነው። አዲስ አበባን ዙሪያዋን የከበቡት፣ ዛሬ ሸገር ከተማ በሚል ስም የተጠቃለሉት ከተሞች ውስጥ እጅ ዛሬም ትልቅ ሕክምና ነው። ከባጃጅ የወደቀ፣ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን የመታው፣ ከግንባታ መወጣጫ ላይ የተንሸራተተ የቀን ሠራተኛ መጀመሪያ የሚወሰደው ብዙ ጊዜ ወጌሻ ቤት ነው። የተወለደ ሕፃን ጭንቅላት በአያት እጅ ይታሻል፣ አናቱ ላይ ቅቤ ይደረጋል። እነዚህን እጆች "ኋላ ቀር" ብሎ የሚሳለቅ ሰው ያንኑ ጭንቅላት ማሸት በፈረንጅኛ ስም፣ በሥዕል የታጀበ የሰውነት ክፍል ገለጻ ተጨምሮበት በስልኩ ሲያይ "ሳይንስ ነው" ብሎ ይቀበላል። የእኔ ክርክር ቀላል ነው። ለሁለቱም አንድ ጥያቄ ይቅረብ፦ በእጄ ዳሰስኩት የምትለው ነገር እውን ሰውነት ውስጥ አለ ወይ?

ከፈረንጁ እንጀምር። የነገሩ አባት ዊልያም ጋርነር ሰዘርላንድ የሚባል አሜሪካዊ ኦስቲዮፓት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ተማሪ ሳለ የተነጣጠለ የራስ ቅል ያያል። የጆሮ ግንድ አካባቢ ያለው አጥንት ጠርዝ ተዳፋት ሆኖ ተጠርቧል። ይህ ቅርጽ የዓሣ ስንጥብ አስመሰለውና "ለመንቀሳቀስ የተሠራ መሆን አለበት" አለ። ከዚያ በ1939 (እ.ኤ.አ.) ሐሳቡን በመጽሐፍ አወጣ። በ1970ዎቹ ጆን አፕሌጀር የተባለ ሌላ ኦስቲዮፓት ተቀበለውና አሁን ያለውን ስም ሰጠው፤ በ1985 በፍሎሪዳ የራሱን ተቋም ከፍቶ ሐኪም ላልሆኑ ሰዎችም ማስተማር ጀመረ። ትምህርቱ ባጭሩ ይህ ነው፦ የራስ ቅል አጥንቶች በትንሹ ይንቀሳቀሳሉ፤ በአንጎልና በህብለ ሰረሰር ዙሪያ ያለው ፈሳሽ ከልብ ምትም ከትንፋሽም የተለየ የራሱ ምት አለው፤ ይህ ምት ከጭንቅላት እስከ ሳክረም ይደርሳል፤ ሲታወክ እንታመማለን፤ የሠለጠነ እጅ ያስተካክለዋል።

ሳክረም ያልኳት ከወገብ በታች በሁለቱ የዳሌ አጥንቶች መካከል የተሰካችው ባለ ሦስት ማዕዘን አጥንት ናት። ስትወለዱ አምስት አጥንት ነበረች፤ ወደ ሃያዎቹ አጋማሽ ዕድሜ ስትደርሱ አንድ ትሆናለች።

ሐሰት ሁሉ ከእውነት ጎን ስለሚቀመጥ፣ መጀመሪያ እውነቱን እንስጣቸው። ፈሳሹ አለ። በአንድ አዋቂ ሰው ውስጥ 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ሁለት የቡና ሲኒ በሉት። አንጎል ውስጥ ካሉ ክፍተቶች ይመነጫል፣ በቀን ወደ ግማሽ ሊትር ይመረታል፣ ስለዚህ በየቀኑ ሦስት አራት ጊዜ ይታደሳል። ይንቀሳቀሳል ወይ? አዎ፣ ከልብ ምትና ከትንፋሽ ጋር፤ ኤምአርአይ ላይ በግልጽ ይታያል። አንጎልን የሸፈነው ጠንካራ ሽፋን ወርዶ ህብለ ሰረሰርንም ይሸፍናል፣ መጨረሻውም ሳክረም ውስጥ ነው። ይህም እውነት ነው። የራስ ቅል ከብዙ አጥንቶች የተሰፋ መሆኑም እውነት ነው፤ አንጎልን የሚይዙት ስምንት፣ የፊት አሥራ አራት።

ችግሩ ከዚህ በኋላ ነው። የአዋቂ ራስ ቅል መጋጠሚያዎች እንደ መጋዝ ጥርስ እርስ በርስ ተያይዘው፣ በጠንካራ ጅማት ታስረው፣ በዕድሜ ብዛት ደግሞ አንድ ላይ እየተዋሐዱ የሚሄዱ ናቸው። በሳንቲም ክብደት አይነቃነቁም። በ2006 (እ.ኤ.አ.) የታተመ አንድ ጥናት ጥንቸሎችን አደንዝዞ ቴራፒስቶቹ እንጠቀማለን በሚሉት ዓይነት ቀላል ኃይል የራስ ቅላቸውን ሲስብ፣ መጋጠሚያውም አልተንቀሳቀሰ፣ የውስጡም ግፊት አልተለወጠ። ያውም የጥንቸል!

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን የእጅ ፈተናው ነው። ምቱ በርግጥ ካለ፣ ሁለት የሠለጠኑ ሰዎች አንድን ሰው ሲዳስሱ ተመሳሳይ ቁጥር ሊነግሩን ይገባል። የደም ሥር ምት የሚቆጥሩ ሁለት ነርሶች ይስማማሉ አይደል? በ1994 (እ.ኤ.አ.) ሦስት ባለሙያዎች አሥራ ሁለት ሰዎችን እየተቀያየሩ ዳሰሱ። ስምምነታቸው ከዜሮ የማይሻል ሆነ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ተመሳሳይ ፈተናዎችም የተሻለ ነገር አላመጡም። ምቱ ታካሚው ውስጥ ከሆነ ለምን እንደ ዳሳሹ ይለያያል? የሚዳስሱት የገዛ ጣታቸውን የደም ምት፣ ወይም የገዛ ግምታቸውን ነው ብሎ ማሰብ ከዚህ ይቀላል።

"እኔ ግን ሄጄ ቀለለኝ" የሚል ሰው ይኖራል። አምነዋለሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ ስልክ ሳይጮህ፣ ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ፣ በሚያዝን ሰው እጅ ተይዞ የማይቀለው ማን ነው? የኛ ሰው ቡና አፍልቶ ጎረቤት ሲሰበስብም ይቀለዋል። ቀለለኝ ማለት አጥንቴ ተንቀሳቀሰ ማለት አይደለም።

ራስና ወገብን የሚያገናኘው እውነተኛ ነገር ቴራፒስቶቹ ከሚተርኩት የበለጠ ይገርማል፤ እኛም አገር በየቀኑ ይታያል። በወገብ መርፌ ደንዝዛ በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ጠይቁ። አንዳንዷ በማግስቱ ቁጭ ስትል ጭንቅላቷ ይፈነዳል፣ ስትተኛ ይተዋታል። ለምን? መርፌው የበሳው ሽፋን ያው አንጎልን የሸፈነው ሽፋን ስለሆነ ነው። በቀዳዳዋ ፈሳሹ ይንጠባጠባል፣ ላይኛው ግፊት ይወርዳል፣ ራስ ይታመማል። ብዙውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ይሻላል፤ ከበረታም ሐኪም የራሷን ደም ወስዶ ቀዳዳው አካባቢ በመርፌ በመስጠት ይደፍነዋል። ይኸው ከወገብ እስከ ራስ ያለ ግንኙነት፣ ምስጢር የሌለው።

ሌላው ደግሞ ሕይወት የሚቀጥፍ ነው። ማጅራት ገትር የተጠረጠረበት ልጅ ሆስፒታል ሲደርስ ሐኪሙ ከጀርባው ፈሳሽ ልውሰድ ይላል። ወላጅ እምቢ ይላል። "ከጀርባው ውሃ የተቀዳለት ልጅ አይተርፍም"፣ "ሽባ ይሆናል" የሚለው ወሬ በየሰፈሩ አለ። ህብለ ሰረሰር የሚያበቃው ግን በአዋቂ ሰው የመጀመሪያው ወይም ሁለተኛው የወገብ አጥንት ላይ ነው። መርፌው የሚገባው ከዚያ በታች፣ ነርቮቹ እንደ ፈረስ ጭራ ተበትነው በፈሳሹ ውስጥ በሚንሳፈፉበት ቦታ ነው። ዋናውን ገመድ አይነካውም። ፈሳሹም በሰዓታት ውስጥ ይተካል፤ በቀን ግማሽ ሊትር ይመረታል ብለናል። ልጁ ከሞተ የሚሞተው በበሽታው ወይም ዘግይቶ በመድረሱ ነው፤ መርፌው ግን ስሙ ይጠፋል። ኢትዮጵያ በአፍሪካ የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ያለች አገር ናት፤ ይህን ወሬ ችላ የምንልበት አቅም የለንም።

አሁን ወደ ወጌሻው።

ወጌሻን በጅምላ የሚረግም ጽሑፍ እንዳትጠብቁ። ቃሉ ራሱ ክብር አለው። በአፋን ኦሮሞ "ኦጌሳ" ባለሙያ ማለት ነው፤ ዛሬም በነዚህ ከተሞች የጤና ባለሙያው "ኦጌሳ ፈያ" ይባላል። በአማርኛም የእግር ኳስ ቡድን ሐኪም ሜዳ ሲገባ "ወጌሻው ገባ" ነው የምንለው። ሱሉልታ ላይ፣ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ሯጮቻችን በሚሠለጥኑበት አገር፣ እግር የሚያሽ ጥሩ እጅ ምን ያህል እንደሚፈለግ የሠፈሩ ሰው ያውቃል። ወጌሻው ከክራኒዮሳክራሉ ሰው የሚለየው የሚዳስሰው ነገር በርግጥ ያለ መሆኑ ነው። ከቦታው የወጣ ትከሻ በዓይን ይታያል፣ በእጅ ይያዛል፣ ሲገባ ሁሉም ሰው ያውቃል። ውልቃትና ስብራት ግምት አይደሉም። ሁለት ወጌሾች አንዱን ክንድ ቢዳስሱ የተሰበረው የት ጋ እንደሆነ ይስማማሉ።

በዚያ ላይ ቅርብ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ራጅ ለመነሳት ግማሽ ቀን አያሰልፍም፣ በቋንቋህ ያናግርሃል። "ሆስፒታል ብሄድ ይቆርጡኛል" የሚለውን ፍርሃት የሚሰማህ እሱ ነው።

ጉዱ የሚመጣው ከአጥንቱ ውጭ ያለውን ሲረሳ ነው። የተሰበረ ክንድ ወይም ቅልጥም ያብጣል፤ እብጠቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይጨምራል። ወጌሻው በስንጥቅ ቀርከሃና በጨርቅ ጥብቅ አድርጎ ሲያስረው፣ እብጠቱ መሄጃ ያጣና ወደ ውስጥ ይጫናል። ጡንቻው በማይለጠጥ ከረጢት ውስጥ ያለ ነው፤ ግፊቱ ሲበዛ ደም መግባት ያቆማል። ሰዓታት ይበቃሉ። ጣቶች ይቀዘቅዛሉ፣ ይደነዝዛሉ፣ ከዚያ ይጠቁራሉ። ልጁ "አመመኝ" ብሎ ሲያለቅስ "አጥንቱ እየገጠመ ነው" ይባላል። ሆስፒታል ሲደርስ የቀረው ምርጫ መቁረጥ ይሆናል። በሽታው በሕክምናው ዓለም ስም እስኪወጣለት ድረስ የታወቀ ነው፤ "የወጌሻ ጋንግሪን" ይሉታል። ለአንድ የእጅ ስብራት፣ ጀሶ ተደርጎለት በስድስት ሳምንት ለሚድን ልጅ፣ እጁን ማጣት!

መፍትሔው ምንድን ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ፖሊስ አይደለም። ወጌሻን ብትከለክለው ማታ ማታ ይሠራል፤ ያ ደግሞ ይብሳል። ዶክተር መኮንን እሸቴ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ሐኪም በ2005 (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ የአጥንት ቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ ያወጡት አጭር ጽሑፍ ከብዙ አዋጅ ይበልጥብኛል። ወጌሾችን ሰብስቦ የአንድ ቀን ሥልጠና መስጠት ነው ነገሩ። ከሥልጠናው በኋላ በጋንግሪን ምክንያት የሚቆረጡ እጅና እግሮች ቀነሱ። አንድ ቀን! ለወርክሾፕ አበል ስንት ቀን በሚባክንባት አገር።

እዚህ ላይ የጤና ፖሊሲያችንን ላንሳ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው ፖሊሲ ለባህላዊ ሕክምና ትኩረት ሰጥቷል፤ ጠቃሚው በጥናት ይዳብር ይላል። ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ከዚያ ወዲህ ስለ ባህላዊ ሕክምና ስንወያይ የምናወራው በአብዛኛው ስለ ቅጠላ ቅጠል ነው። ቅጠሉ ላቦራቶሪ ይገባል፣ ወረቀት ይጻፍበታል፣ አንድ ቀን መድኃኒት ሆኖ ይሸጣል ተብሎ ተስፋ ይደረጋል። እጅ ግን ላቦራቶሪ አይገባም፣ ፓተንት የለውም፣ ስለዚህ ጠያቂ የለውም።

ከክንድና ከቅልጥም ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የሕፃናቱ ጭንቅላት ነው። ሕፃን ሲወለድ የራስ ቅሉ አጥንቶች ገና አልተያያዙም። በጠባብ መንገድ ለማለፍ ተደራርበው ይመጣሉ፤ ለዚህ ነው አንዳንዱ ጭንቅላቱ ሾጠጥ ብሎ የሚወለደው። አያት በቅቤ እያሸች "አስተካከልኩት" ትላለች፤ ሳትነካውም በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ይስተካከል ነበር። በስስት መዳበሱ ክፋት የለውም፤ መጫን ነው ክፉው። አናት ላይ ያለችው ርግብግቢት ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት እስከ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ትዘጋለች። እስከዚያ ግን በነፃ የተሰጠችን መመልከቻ መስኮት ናት። ተቅማጥ የያዘው ልጅ ርግብግቢቱ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ ውሃ አልቆበታል፤ የሚፈልገው ሕይወት አድን ንጥረ ነገርና ጤና ጣቢያ ነው። ትኩሳት ያለበት ልጅ ርግብግቢቱ ቁጭ ብሎ ሳያለቅስ እንኳ ከተወጠረ ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል፤ የዚያኑ ቀን ሐኪም ይየው። ቅቤ የሞላበት አናት ላይ ግን መስኮቱ አይታይም።

ጭንቅላቱ ከሌሎች ልጆች በላይ በፍጥነት የሚያድግ፣ ዓይኑ ወደ ታች የሚያዘቀዝቅ፣ የአናቱ ደም ሥሮች የሚታዩ ሕፃን ደግሞ አለ። ሃይድሮሴፋለስ ይባላል፤ ያ ሁለት ሲኒ ያልነው ፈሳሽ መውጫ አጥቶ ይጠራቀማል። የአዋቂ ሰው ቢሆን የራስ ቅሉ ስለማይሰፋ በግፊቱ ይታመም፣ በጊዜ ይታወቅበት ነበር። የሕፃኑ ግን ይለጠጣል፤ አንጎሉ ከውስጥ እየሳሳ ጭንቅላቱ ከውጭ ያድጋል። እዚህ ላይ የየትኛውም ሰው እጅ፣ የአያትም ይሁን ፍሎሪዳ የተማረ ሰው፣ ምንም አያደርግም። የሚያደርገው ቀዶ ሕክምና ነው፤ ወይ ፈሳሹን በቀጭን ቱቦ ወደ ሆድ ማውረድ፣ ወይ አንጎል ውስጥ አዲስ መውጫ መክፈት። ይህን ሁለተኛውን ዘዴ ለአፍሪካ ሕፃናት እንዲስማማ አድርጎ ያሳደገው ቤንጃሚን ዋርፍ የተባለ ሐኪም ነው፤ ያሳደገውም ቦስተን ሳይሆን ኡጋንዳ፣ እምባሌ ውስጥ ሆኖ ነው።

ከነዚህ ሕፃናት ብዙዎቹ ጀርባቸው ላይ ክፍት ወይም እብጠት ይዘው የሚወለዱ ናቸው። እናት በእርግዝናዋ መጀመሪያ ሳምንታት በቂ ፎሊክ አሲድ ካላገኘች የህብለ ሰረሰሩ መዝጊያ ሳይገጥም ሊቀር ይችላል፤ ታች ወገብ ላይ ሳይዘጋ የቀረው ነገር ላይ ጭንቅላት ውስጥ ውሃ ያጠራቅማል። ራስና ሳክረም የተያያዙ ናቸው ያሉት ሰዎች እዚህ ጋ ትክክል በሆኑ ነበር፤ ግን ይህን አይደለም ያሉት።

ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ የተወለደ ልጅ ከሌላው ገጠር ልጅ ይልቅ ዕድለኛ ነው። የአንጎል ቀዶ ሕክምና የሚሠራባቸው ጥቁር አንበሳና ዘውዲቱ በጅማ መንገድ፣ በአምቦ መንገድ ወይም በእንጦጦ ቁልቁለት ተወርዶ የሚደረስባቸው ናቸው። በታክሲ። ስለዚህ እነዚህ ከተሞች ውስጥ ዘግይቶ የሚደርስ ልጅ በርቀት ሳይሆን ባለመታየት ነው የሚዘገየው።

ታዲያ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ሕፃናቱ በአንድ ወር ተኩል፣ በሁለት ወር ተኩል፣ በሦስት ወር ተኩል ለክትባት ይመጣሉ፤ በዘጠኝ ወር ለኩፍኝ ይመለሳሉ። ይመዘናሉ። በዚያው ቅጽበት በልብስ ሰፊ ሜትር ጭንቅላታቸው ይለካ፣ ካርዱ ላይ ይጻፍ። ሲወለድ 35 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በወር ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ይጨምራል፤ ከዚያ ይቀንሳል። ከዚህ ዘሎ የሄደ ልጅ ያኔውኑ ወረቀት ተጽፎለት ይላክ። ጀርባውም ይገለጥና ይታይ። ይህ ሁሉ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ሜትሩም የአንድ ምሳ ዋጋ አያወጣም።

ወጌሾቹን ደግሞ አንድ ቅዳሜ ጠርቶ ሦስት ነገር ማስተማር ይቻላል፦ ያበጠ ነገር ተጠብቆ እንዳይታሰር፤ ከታሰረ በኋላ ጣት ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ሕመሙ ከባሰ ወዲያው እንዲፈታና ሆስፒታል እንዲላክ፤ አጥንቱ ቆዳ የበሳ ስብራት፣ የጭንቅላትና የአንገት ጉዳት ጨርሶ እንዳይነካ። አንገት የሚጠመዝዝ ወጌሻ፣ በስህተት የሚጠመዝዘው ትከሻ እንዳልሆነ ካላወቀ ሰውን ለዕድሜ ልክ ሊያሽመደምደው ይችላል። በምላሹም ጤና ጣቢያው ከወጌሻው የተላከን ሰው "ለምን እዚያ ሄድክ" ብሎ ማመናጨቁን ያቁም። ተመናጭቆ የተመለሰ ሰው ሁለተኛ ልጁን አያመጣም።

የሸገር ከተማ ጤና ቢሮ ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ካለው አንድ ነገር ብቻ ይመልስልኝ። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ስንት ወጌሾች እንዳሉ፣ ስማቸውና ስልካቸው የተጻፈበት ወረቀት ቢሯችሁ ውስጥ አለ? ከሌለ ከየት እንደሚጀመር እንዳትጨነቁ፤ የመጀመሪያውን የባጃጅ ሹፌር ጠይቁት፣ ሦስቱን ቤት በር ላይ ያደርሳችኋል።